ቀይዋ አልፋና የጌዶ መንገድ

በዚያ ሰሞን አምቦ መናኸሪያ ውስጥ ኦቦ ጅሩን የማያውቅ ተራ አስከባሪ አልነበረም። ማለዳ፣ የጉልት ሴቶች ሸራቸውን ዘርግተው ሳይጨርሱ፣ ከዘራቸውን እያንቋቁ ይመጡና የሰው ጥላ ወደሚታያቸው አቅጣጫ ፊታቸውን አዙረው፣ «ጌዶ አለ?» ይላሉ።

«የለም አባኮ። መንገዱ ዝግ ነው።»

«ነገስ?»

«እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው።»

እሺ ብለው ግድግዳው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ቤት አይመለሱም። ድንገት ቢከፈት መጀመሪያ የሚሳፈረው እዚያ የተገኘ ሰው ነው ብለው ያምናሉ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው፣ ልብሳቸው አቧራ ጠጥቶ፣ ያገኙት ነገር ሳይኖር ይነሣሉ። መንገዱን ማን እንደዘጋው የሚጠይቅ ሰው በከተማው ሞልቷል፤ ጮክ ብሎ የሚመልስ ግን አልነበረም።

ኦቦ ጅሩ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ግላኮማ አንዱን ዓይናቸውን ጨርሶ ወስዶ ሌላውን እያገባደደ ነው። የሰው ቁመና ያያሉ፤ ፊቱን ግን ድምፁን ካልሰሙ አይለዩትም። ባለቤታቸው ደብሪቱ ደግሞ ጌዶ ናት። የሄደችው የታመመች እህቷን አመለሸጋን ልታስታምም ነበር። «ሳምንት አልቆይም። ሽሮው ጣሳው ውስጥ ነው፣ ዘይቱን አያንቱ ታመጣልሃለች፣ አንተ ብቻ ምድጃ እንዳትነካ» ብላ ነበር የወጣችው። አያንቱ እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ናት። ደብሪቱ በሄደች ሰሞን መንገዱ ተዘጋ፤ ትንሽ ቆይቶ ስልኩም ጠፋ። ሽሮው አለቀ፣ እሷ አልመጣችም።

ኦቦ ጅሩን የሚያንገበግባቸው መዘጋቱ ብቻ አልነበረም። ያቺን መንገድ ከአምቦ ሰው ሁሉ የበለጠ የሚያውቋት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ በእሷ ላይ እንደ ጥይት ተተኩሰው ነበር። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ለዚህ ምስክር ነው፤ አንዲት ጣሪያ የለሽ መኪና፣ አንድ ሪዛም ፈረንጅ፣ ከጎኑ ደግሞ መነጽር ግንባሩ ላይ የሰቀለ ቀጭን ጎረምሳ። መኪናዋ ቀይ ናት፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ይህን እንግዳ ሁሉ በእምነት መቀበል አለበት።

ነገሩ የሆነው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንቱ የሚላቸው ሰው ስላልነበረ እኛም ለጊዜው አንተ እንበላቸው።

ጅሩ ያኔ በወረቀት ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረችው አምቦ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሙሴ አርሻክ በሚባል አርመናዊ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ከጣሊያን ጦርነት ወዲህ ባሉት ዓመታት የከተማዋ ፈረንጆችና ባለጸጎች የመኪና እሽቅድምድም የሚባል አመል አምጥተዋል። ከሁሉ የሚፈራው የረጅሙ መንገድ ውድድር ነው። ከአዲስ አበባ ይነሣል፣ ለቀምት ይደርሳል፣ ሳያድር ሳይተኛ ይመለሳል። አስፋልት የሚባል ነገር ከተማውን ለቀው ሲወጡ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠጠር፣ ጭቃና የሰው ከብት ነው። በአንዲት መኪና ሁለት ሰው ይሳፈራል፤ ሁለቱም አብረው ካልተመለሱ መኪናዋ ደረሰች አይባልም።

ሙሴ አርሻክ አልፋ የምትባል ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነበረችው። ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት፣ ስትነሣ የሠፈሩን ውሻ ሁሉ የምታስጮህ። ጋራዡ ውስጥ ከጅሩ የበለጡ መካኒኮች ሞልተው ሳለ ጅሩን አስከትሎ ሊሄድ ሲነሣ የተቀየሙ ነበሩ።

«ጎማ የሚቀይር ሰው አላጣሁም» አለ አርሻክ። «መንገድ ላይ የተኛ በሬ በኦሮምኛ ለምኖ የሚያስነሣ ግን እሱ ብቻ ነው።»

ልክ ነበር። ጅሩ በዚያ ጉዞ ያስነሣው የበሬ ብዛት፣ ያረጋጋው የገበሬ ብዛት፣ ይቅርታ የጠየቀው የዶሮ ባለቤት ብዛት ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ለቀምት ደርሰው ዞሩ። ጎህ ሲቀድ ባኮን አልፈው ወደ ጌዶ ሲገሰግሱ ከፊታቸው አቧራ አልነበረም። በዚያ ውድድር ከፊት አቧራ የለም ማለት ከፊት ሰው የለም ማለት ነው። ሙሴ አርሻክ መሪውን እየደበደበ በአርመንኛ ይዘፍን ጀመር። ጅሩም ቋንቋውን ባያውቅም አብሮት ይዘፍን ነበር።

ጌዶን በርረው አለፉና ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ከሚታይበት ቦታ ሲደርሱ፣ መንገዱ በነጭ ነጠላ ተሞልቶ አገኙት። ቀብር ነው። አስከሬኑ በቃሬዛ፣ ሰዉ ከኋላ።

የጅሩ እናት አንድ አባባል ነበራቸው። «ሬሳ እያየ ከበቅሎው ያልወረደ ሰው፣ የራሱን ሰው የሚሸኝበት እግር ያጣል» ይሉ ነበር። ጅሩ ይህን የሰማው ገና ጡት ሳይጥል ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

«ሙሴ፣ አቁምልኝ። ልውረድ።»

«አብደሃል? የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ የምንቸኩለው እኛ ነን።»

«ሬሳ አይታለፍም ሙሴ። ጥቂት ሸኝቼ እመለሳለሁ።»

ጅሩ ከልቡ ጥቂት ሊሸኝ ነበር የወረደው። ግን ሟቹ የሞተው በተስቦ ኖሮ፣ ለቀስተኛው ሲበዛ ተሸካሚው ጥቂት ነበር። ከፊት በቀኝ በኩል የያዙት ሽማግሌ ጉልበታቸው ሲብረከረክ አየ። ትከሻውን ሰጠ። በዚያ አገር ትከሻ የሰጠ ሰው ተተኪ ካልመጣለት አያወርድም። ጅሩ ወደ ኋላው እየተገላመጠ ተተኪ ጠበቀ፤ ተተኪ አልመጣም። ከኋላ ሙሴ አርሻክ ክላክሱን ያስጮሃል። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ነጭ መኪና በለቀስተኛው ጎን ቀስ ብላ ተሹለከለከችና ነዳጅ ሰጥታ ተፈተለከች። ከዚያ አንዲት ሰማያዊ። ከዚያ ሌሎች። ጅሩ ቃሬዛውን እንደተሸከመ በዓይኑ ሸኛቸው።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የሟቹ ልጅ ቆማ ነበር። ከልቅሶ ብዛት ድምፅዋ ጠፍቷል። አባቷን ከፊት ተሸክሞ የመጣው ሰው ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኖ፣ በዓይኑ ዙሪያ ብቻ ሁለት ጥቁር ቀለበት ቀርቶ፣ ግንባሩ ላይ መነጽር፣ ልብሱ ላይ ግራሶ ስታይ፣ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብላ አጠገቧ ያለችውን ጠየቀች። ይህች የሟቹ ልጅ ደብሪቱ ናት። በኋላ ዘመን ይህን ስታወራ፣ «አባቴን በምቀብርበት ቀን ሊያስቀኝ መጣ እኮ» ትል ነበር።

አዲስ አበባ አምስተኛ ሆነው ገቡ። ሙሴ አርሻክ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረውም። መኪናዋን ካቆመ በኋላ ግን፣ «ከእንግዲህ የሬሳ መኪና ፈልገህ ንዳ» ብሎ አሰናበተው። ጅሩ አልተሟገተም። አምቦ ተመልሶ፣ ለአርባው ለቅሶ ልድረስ ብሎ ጌዶ ሄደ፤ ለሙት ዓመቱም ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰበብ ሲያልቅበት ሽማግሌ ላከ።

እንግዲህ ወደ አንቱታው እንመለስ። ኦቦ ጅሩ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን የፈጁት የእርሻ መሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር በመንዳት ነው። ጎጆ፣ እንጭኒ፣ ጌዶ፤ የምዕራብ ሸዋን ቀበሌ ሁሉ አዳርሰዋል። ቀብር ባዩ ቁጥር ይወርዳሉ። ኃላፊ ይጫን፣ ዘር ይጫን፣ የሚቸኩል ይኑር አይኑር ግድ የላቸውም። «በጅሩ መኪና የተሳፈረ ሁለት ሰው ሳይቀብር ስብሰባ አይደርስም» እያሉ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይቀልዱባቸው ነበር። አንድ ኃላፊ ተቆጥቶ ደመወዝ ቀጥቷቸዋል፤ የዚያው ኃላፊ አባት ሲሞት ግን ከፊት በቀኝ በኩል የያዙት ኦቦ ጅሩ ነበሩ።

ጎረቤት ሲሰበሰብ የውድድሩን ታሪክ ይጀምራሉ፤ ደብሪቱ አታስጨርሳቸውም።

«አንደኛ እሆን ነበር» ይላሉ።

«ትሆን ነበር። ዋንጫህን ታቅፈህ ትተኛ ነበር። አባቴን አመስግን።»

ይህን ስትል ደስ ይላቸዋል። ደስ እንደሚላቸውም ታውቃለች። ዕድሜ ልካቸውን በዚህች ቀልድ ኖረዋል።

እና አሁን፣ መናኸሪያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ኦቦ ጅሩ የሚያስቡት ሌላ ሳይሆን ያቺን ጠዋት ነበር። ያኔ አልፋ ከጌዶ አምቦ ያለውን መንገድ ቁርስ እስኪቀርብ ባለው ጊዜ ውስጥ ትበላው ነበር። ዛሬ ይኸው መንገድ ከባሕር ማዶ ርቋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ብልጭ አለ። የአመለሸጋ ልጅ ቀንዓ ነው የደወለው። ሰላምታ እንኳ አላበዛም። «ኦቦ፣ አክስቴ ልታናግርዎት ነው። ቶሎ ይበሉ፣ ይቋረጣል» አለ።

«ጅሩ?» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«አለሁ። እንዴት ነች አመለሸጋ?»

«እሷ ተሻላት። የወደቅሁት እኔ ነኝ። እግሬ አበጠ፣ ትንፋሼም አጠረ። ጤና ጣቢያው ወደ አምቦ ውሰዷት ይላል፤ በምን ይወስዱኛል? አንተ ኮቱ። ና ውሰደኝ።»

«እመጣለሁ።»

«አውቃለሁ ትመጣለህ።» ትንሽ አረፈች። ስትናገር ግን የድሮዋ ቀልድ በድምፅዋ ውስጥ ነበረች። «እንደ አመልህ የሰው ቀብር ላይ እንዳትቆይብኝ ብቻ። ይህችን አንዲት ጊዜ እለፍና ቀጥ ብለህ ወደ እኔ ና።»

«እሺ ደብሪቱ» አሉ። መስማቷን ግን አላወቁም፤ ስልኩ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ጅሩ ያላንኳኩት በር የለም። አያንቱ አራስ ናት፤ ሕፃኑን እንዳቀፈች ደጃፍ ድረስ ወጥታ፣ «አባባ፣ በዚህ ዓይንህ የት ትሄዳለህ? አልጋው ላይ ሆነህ ጸልይ» ብትላቸው አልሰሙም። አንድ መሥሪያ ቤት ገብተው መንገድ የሚከፈትላቸው እንደሆነ ጠየቁ። ሐምዲያ የምትባል የጂማ ልጅ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ታሪካቸውንም እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።

«ከአቅማችን በላይ ነው አባቴ» አለች በመጨረሻ።

«ያንቺ አለቃስ?»

«ከእሳቸውም አቅም በላይ ነው።»

ኦቦ ጅሩ ሊቆጡ ፈለጉ። ግን ልጅቱ ራሷ ልታለቅስ ደርሳ ነበር፤ የሚቆጡት ሰው አጡ። ይሄ ነው የዚያ ዘመን ክፋቱ። በደሉ አለ፣ በዳዩን ይዘህ አትጮህበትም። ሁሉም ሰው ያዝንልሃል፣ ወንበር ይስብልሃል፣ በሩ ግን እንደተዘጋ ነው። ተነሥተው ልጅቱን መርቀው ወጡ። ቤት ገብተው ፎቶግራፉ ሥር ቆሙ፤ ግድግዳው ላይ ብዥ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር የሚታያቸው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ቀይ መኪና አብዝተው ተመኙ።

ፍሮምሳ የሚባለው የሚኒባስ ሾፌር አንድ ቀን ራሱ ቤታቸው መጣ። ሠፈራቸው ውስጥ ያደገ፣ የልጆች አባት የሆነ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው።

«ኦቦ ጅሩ፣ ነገ በወታደር እጀባ መኪና ሊለቁ ነው። ጋቢናውን ይዤልዎታለሁ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ነጭ ጋቢያቸውን አጥፈው፣ ለደብሪቱ ብርድ ልብስና የአምቦ ውሃ ይዘው፣ ገና ሳይነጋ ደጃፍ ላይ ተገኙ። ስትመለስ የምትተኛበትን የኋላ ወንበር ፍሮምሳ እንዲያጸዳው ሁለት ጊዜ አሳሰቡት።

ከፊት የወታደር ፒካፕ፣ ከዚያ ጨውና ዘይት የጫኑ የጭነት መኪናዎች፣ ከዚያ ሚኒባሶች ተሰለፉ። ከሰልፉ የወጣ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል ተባለ። ተነሡ። ጉደር ሲወርዱ ኦቦ ጅሩ ኩርባው ሳይደርስ ገላቸው ወደ ግራ አዘነበለ። ዓይናቸው ያላየውን መንገድ ጎናቸው ያውቀዋል። «አሁን ድልድይ ነው» ይላሉ፣ ድልድይ ይሆናል። «አሁን ዳገቱ ይጀምራል» ይላሉ፣ ይጀምራል። ፍሮምሳ እየሳቀ፣ «እርስዎ ቢነዱት ይሻል ነበር» አላቸው። ኦቦ ጅሩ ግን አልሳቁም። ሰልፉ ይንፏቀቃል፤ በየኬላው ይቆማል፤ መታወቂያ ይታያል፤ ጆንያ ይወጋል፤ እንደገና ይንፏቀቃል። በሚንፏቀቅ ቁጥር ቀኝ እግራቸው የነዳጅ መርገጫ የሌለበትን ወለል ይረግጥ ነበር። ያኔ ማንም ከፊታቸው አልነበረም፤ ዛሬ የማያልቅ የጭነት መኪና አቧራ ነው። እንድረስ እንጂ፣ እሷ እስትንፋስ ይኑራት እንጂ፣ ሌላው ይቅር እያሉ በልባቸው ይለምናሉ።

ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ የጌዶ አየር ሸተታቸው። ሊደርሱ ነው። ፍሮምሳ ድንገት ማርሽ ቀነሰ።

«ምንድን ነው?»

«ቀብር ነው ኦቦ ጅሩ። ከከተማው ወደዚህ እየመጡ ነው። ዳር ይዘውልናል።»

በተረፈው ዓይናቸው በኩል ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታያቸዋል። ብዙ ሰው አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ በቀኝ በኩል እንደ ጥላ ቆሟል። ያ ቦታ ነው። እጃቸው ሳይታዘዝ ወደ በሩ መክፈቻ ሄደ።

ፍሮምሳም እንደ አምቦ ሰው ሁሉ አመላቸውን ያውቃል። ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ ወደ እሳቸው ዞረ። «ከፊት ያሉትም ቀስ ብለዋል። ጥቂት ብንቆም የሚጠብቁን ይመስለኛል። ላቁም?»

የእናታቸው አባባል መጣባቸው። ሙሴ አርሻክ፣ ክላክሱ፣ ነጯ መኪና መጡባቸው። ከሁሉ በላይ ግን ያቺ የቀጠነች ድምፅ መጣች፤ ይህችን አንዲት ጊዜ እለፍ ያለችው። እጃቸውን ከበሩ አነሡ።

«እለፍ» አሉ። «ይቅር ይበለኝ፤ እለፍ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። መስታወቱ በአቧራው ምክንያት ተዘግቷል፤ የለቀስተኛው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ነገር ነበር። ትንሽ አለፍ እንዳሉ የመኪናው ጎን ተመታ። አንዴ፣ ከዚያ ደጋግሞ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አንድ ሰውዬ ነው፣ እየሮጠ ይመታል» አለ ፍሮምሳ በመስታወት እያየ። «ስላልቆምን ተናዶ መሆን አለበት።»

«እውነቱን ነው» አሉ ኦቦ ጅሩ። «ንዳ።»

የአመለሸጋ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ፍሮምሳ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ግቢው ጸጥ ብሏል። ራሳቸው ሸራ ሲነካው ቀና አሉ፤ ድንኳን ነው። ኦቦ ጅሩ ድንኳን መሆኑን ቢያውቁም እግራቸው አልቆመም። የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ፣ የአመለሸጋ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ጅሩ።»

«ጅሩ። መጣህ።» አልጋው ተንጫጫ፤ ልትነሣ ሞክራ አልቻለችም። «እንኳን ደረስክ። አገኘሃቸው?»

«እነማንን?»

ፍሮምሳ ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«በዚያ አይደለም እንዴ የመጣኸው?» አለች አመለሸጋ። «በአምቦ መንገድ? አሁን፣ አሁን እኮ ነው ይዘዋት የወጡት። ትናንት ስልክ ሞከርን፣ የለም። ጅሩ ይመጣል ብለን እስከ ረፋድ ጠበቅን። ቄሶቹ በዚህ ጊዜ ሰው ተሰብስቦ አይውልም፣ ቶሎ እንቅበር አሉ። በዚያ አይደለም የመጣኸው?»

ኦቦ ጅሩ ያመጡትን ብርድ ልብስ አልጋዋ እግር ሥር አስቀመጡና ዞሩ።

ፍሮምሳ መኪናውን ሊያስነሣ ሮጠ። ከከተማው መውጫ ላይ ግን ገመድ ተዘርግቶ አገኙት። እጀባው ገብቷል፣ ከዚህ በኋላ መኪና አይወጣም አላቸው ጠባቂው። ፍሮምሳ ለመነው፣ ነገሩን አስረዳው። ጠባቂውም አዘነ፤ ግን ትእዛዝ ነው አለ። ኦቦ ጅሩ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ። ገመዱን በእጃቸው ዳብሰው አገኙት፣ ከሥሩ አጎንብሰው አለፉ። ማንም አልከለከላቸውም።

ብዙ አልሄዱም። ነጩ ነገር ወደ እሳቸው ሲመጣ አዩት። ለቀስተኛው እየተመለሰ ነው። ከፊታቸው ደርሶ ቆመ። ከመካከላቸው አንዱ ወጣ፤ ሲናገር ድምፁን ሰምተው ቀንዓ መሆኑን አወቁ።

«ሮጬ ነበር ኦቦ» አለ። «ፊትዎን አይቼ ቃሬዛውን ለአንድ ሽማግሌ ሰጥቼ ሮጥኩ። መኪናውን መታሁት።»

«ሰምቻለሁ» አሉ።

«እርስዎ ቀብር አያልፉም ብዬ ነበር። ለሰዎቹም ጅሩ ይወርዳል፣ ታያላችሁ ብያቸው ነበር።»

ኦቦ ጅሩ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደገፉ። ሊጠይቁት የማይፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ሳይጠይቁት ግን መንቀሳቀስ አልቻሉም።

«ስንት ሆናችሁ ተሸከማችኋት?»

«አራት። ወጣቱ ከከተማው ወጥቷል፤ የቀረነው እኛ ነን።»

«ከፊት በቀኝ በኩል የያዝከው አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ተተኪ ነበረህ?»

ቀንዓ መዋሸት ይችል ነበር። ዓይናቸው አያይም፤ ከኋላው ያሉትም ይደግፉት ነበር። ግን ደክሞታል፣ ገና በልጅነቱ የእሷ እጅ ያበላው ሰው ነው፣ አልዋሸም።

«አልነበረኝም ኦቦ። ሽማግሌው ሲወድቅ ተመልሼ ያዝኳት እንጂ ተተኪ አልነበረኝም።»

ኦቦ ጅሩ ግራ እጃቸው ሳይታወቃቸው ቀኝ ትከሻቸውን ያዘ። ፀሐዩ ከብዷል፤ ከኋላቸው ገመዱ ጋ ፍሮምሳ ክላክስ ሳያሰማ ቆሟል። «እሺ» አሉ፣ ከዚያም ወደ ጥዱ መራመድ ጀመሩ። ለቀስተኛው ሳይነጋገር ዞሮ ከኋላቸው ተከተለ።